አማቴ ተቃራኒ ሲያስጠኑኝ

እንግሊዝኛ የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ቀን ቀን ጎንደር ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ የተመራቂዎችን ጽሑፍ አባዛለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ገጹ ተዛብቶ ከመጣ ባለቤቱ ባይጠይቀኝም ፈትቼ መልሼ አስተካክላለሁ። ከሥራ ስወጣ ወደ ማታ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ አዘዞ። አዘዞ ውስጥ፣ ከአስፓልቱ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት፣ የባለቤቴ እናት መብራት አብርተው ይጠብቁኛል።

የምንጠብቀው ግን ሌላ ሰው ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የሰሜኑ መንገድ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ዱቄት ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ወረደ። በኋላ መኪናው በሩ እንደተከፈተ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ ተባለ። እሱን አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም። መንገዱ ተከፈተ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ፤ ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም።

አማቴ የመጡት ከደባርቅ ወዲያ ካለ ደጋ ነው። የገብስ ማሳቸውን ለወንድማቸው ትተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሙ። እኔን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነበር። የመጡት ከኔ ጋር ሊጠብቁት ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸው ግን የሰማውን አይለቅም። ቁጡ ናቸው፣ ቀልደኛም ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ አፍ ይወጣሉ።

በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን የልጃቸውን የክርስትና ስም ለንስሐ አባታችን ይሰጣሉ። መጀመሪያ የሰጡ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። ካህኑ ስሙን ሰምተው፣

«በየትኛው ልጥራው?» ብለው ጠየቁ።

ስም የሚጠራው በሁለት ወገን ነው። በሕይወት ያለው በሕያዋን፣ ያረፈው በሙታን። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

«በሕያዋን» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ነገሩ አልለቀቃቸውም። ቤት ስንገባ፣ ደግሞም በሌላ ቀን፣ ደግሞም በሌላ ቀን እንዲህ ይሉኛል፦

«አየሽ ልጄ፣ በሕይወት እያለ በሙታን ባስጠራው፣ በገዛ አፌ ገደልኩት ማለት ነው። ሞቶ እያለ በሕያዋን ባስጠራው ደሞ ነፍሱን ያለ ፍትሐት ሜዳ ላይ ጣልኳት። ከሁለት በአንዱ ልጄን እየበደልኩት ነው። በየትኛው እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

 እኔ ራሴ አንድ ቃል በትክክል የቱ እንደሆነ ሳላረጋግጥ የማልጽፍ ሰው ነኝ፤ በፎቶ ኮፒ ቤቱም በዚህ ይስቁብኛል። የዚህን ቃል ትክክለኛውን ማን ዘንድ ሄጄ ላረጋግጥ?

ትምህርቱ በዚህ መሀል ነው የቀጠለው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይጠብቀናል። ክፍሉ ሁሉም ዓይነት ሰው ነበረበት፤ የባንክ ዘበኛ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትመጣ ጸጉር ሠሪ፣ ቀን ደብር የሚያገለግል ዲያቆን። አስተማሪያችን ከአብዛኞቻችን ታናሽ ናት፤ ቲቸር እንላታለን። አንድ ምሽት ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችና ተቃራኒ ቃላት ጀመረች። አንዳንዱ ቃል ተቃራኒው ፍጹም ሌላ ቃል ነው አለች፤ ረጅምና አጭር እንደምንለው። አንዳንዱ ግን ያው ቃል ነው፣ ከፊቱ አንዲት ቁራጭ ሲጨመርለት ይገለበጣል። «ሀፒ» ደስተኛ፤ «አንሀፒ» ያልተደሰተ። «ፖሲብል» የሚቻል፤ «ኢምፖሲብል» የማይቻል። «ኦነስት» ሐቀኛ፤ «ዲስኦነስት» አጭበርባሪ።

ይህ ትምህርት እንዴት እንደገባኝ ዛሬም አስታውሳለሁ። አንድን ቃል ይዤ ሁለት ማግኘት፣ ለእኔ ዘግይቼ ለጀመርኩት፣ ያመለጠኝን ጊዜ በአቋራጭ እንደ መድረስ ነበር። ግን ወዲያው ደግሞ ከነከነኝ። ለምን እዚህ «አን»፣ እዚያ «ዲስ»፣ እዚያ ማዶ «ኢም» ይሆናል? እጄን አወጣሁ። ቲቸር «ኢም» ከየትኛው ፊደል በፊት እንደሚመጣ፣ «ኢር» እና «ኢል» ከየትኞቹ በፊት እንደሚመጡ አስረዳችኝ።

«‘አን’ እና ‘ዲስ’ስ?»

«እነሱን እንዳሉ ማጥናት ነው።»

«ሕግ የላቸውም?»

«እህቴ፣ ሁሉ ነገር ሕግ አለው እንዴ?» አለችኝ፤ ክፍሉ ሳቀ። ተቀመጥኩ፤ ግን አልተዋጠልኝም።

ዲያቆኑ በዚያው ምሽት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ «ኢሀፒ» ብሎ ጻፈ።

«ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» አለች ቲቸር።

«ከግዕዝ ነዋ ቲቸር! እኛ ጋ ‘ኢ’ ካሉ አበቃ፤ ነገሩ ቀረ።»

«እንግሊዞቹ ደብር አላደጉም እኮ።»

«ታዲያ ‘ኢምፖሲብል’ን ከየት አመጡት? ‘ኢሌጋል’ን ከየት አመጡት? ከዚሁ ከጎንደር ወስደው አበላሽተውት ነው!»

ዘበኛው ጠረጴዛ እየመታ ሳቀ። ቲቸርም ሳቋን በጠመኔው እጇ ሸፈነችው፤ አፍንጫዋ ነጣ። ያን ምሽት ሳስብ ሁላችንም የቀን ልብሳችንንና ድካማችንን እንደያዝን እዚያ ተቀምጠን የሳቅነው ሳቅ ይመጣብኛል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አልሳቅሁም።

ቤት ስገባ የተማርኩትን ጮክ ብዬ ካልደገምኩት አይያዝልኝም። አማቴ መጀመሪያ ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር። ኋላ ምስር እየለቀሙ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ ይጠይቁኝ ጀመር። አማርኛውን ይጥላሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ከነተቃራኒው አነሣለሁ።

«ደስተኛ።»

«ሀፒ።»

«ግልባጩስ?»

«አንሀፒ።»

«እንዲያው ይቺ ‘አን’ የምትሏት፣ ከፊት ቆማ መንገድ የምትዘጋ ክፉ ናታ! ሐቀኛስ?»

«ኦነስት።»

«ያቺ ወተት የምታመጣልን ሴትዮስ?»

«እምዬ፣ እሷ ቃል አይደለችም።»

«ውኃ እየቀላቀለች? ‘ዲስ’ ስጫት፣ ‘ዲስ’! ምነው፣ ለሷ ሲሆን ትሰስቻለሽ?»

ከወር በኋላ ሁሉንም ያውቋቸው ነበር። «ኢር» የምትለዋን አይወዷትም፤ የጉሮሮ በሽታ ያለበት ሰው ድምፅ ነው ይላሉ። «ዲስ»ን ግን ወደዷት። መብራት ሲጠፋ «ዲስ!» ብለው ይሰድባሉ። እኔም ስህተታቸውን ለማረም ስጀምር «አንቺ ተፈተኚበት፣ እኔ ልጫወትበት» ይሉኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልጠየቁኝ ቃል ነበር። እኔም አንሥቼው አላውቅም። ተስማምተን አይደለም፤ ሁለታችንም በዚያ በኩል ስለማንሄድ ነው።

ክፍል ውስጥ ግን መምጣቱ አልቀረም። ቲቸር «አላይቭ» ብላ ጻፈች፤ በሕይወት ያለ። ተቃራኒውን ጠየቀች። ዘበኛው ከኋላ «አንአላይቭ!» ብሎ ጮኸ።

«ይሄ ከፊቱ የሚለጠፍ የለውም» አለች ቲቸር። «‘ዴድ’ ነው። ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። በሞቃትና በቀዝቃዛ መሀል ለብ ያለ አለ። በረጅምና በአጭር መሀል መካከለኛ አለ። በነዚህ በሁለቱ መሀል ግን ምንም የለም። አንዱ ካልሆነ ሌላው ነው።»

ሁሉም ጻፈ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የተናገረችው ስህተት አልነበረም፤ ቃላቱን በሚመለከት ልክ ነበረች። እኔና አማቴ ግን ቤታችንን የሠራነው ምንም የለም ባለችው መሀል ላይ ነበር። እዚያ እናድራለን፣ እዚያ ምስር እንለቅማለን፣ እዚያ ኪራይ እንከፍላለን።

በሳምንቱ አጭር ፈተና ሰጠችን። ያችን አንዷን ጥያቄ ሳልሞላ መለስኩ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ቲቸር አስቀረችኝ።

«አንቺ ይሄን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ቤቴ ለማንም የማልናገረው ሰው፣ ለዚያች ከኔ ላነሰች ልጅ ቆሜ ነገርኳት። ሰሌዳውን ማጥፋት ጀምራ ነበር፤ ዳስተሩን ይዛ ቆመች። እግዜር ያውቃል አላለችኝም፤ አይዞሽ ይመጣል አላለችኝም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

«ለፈተናው ጻፊው» አለች። «ፈተናው ስለ ማንም አይደለም የሚጠይቅሽ። ስለ ቃሉ ብቻ ነው።»

ግንቦት ሲጋመስ የአማቴ ወንድም ከደጋ መጡ። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። የገብስ ቆሎ ይዘው፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ብዙ ስለ ዝናቡ፣ ብዙ ስለ ከብቱ ካወሩ በኋላ ወደ መጡበት ገቡ።

«ቀዬው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው» አሉ እኅታቸውን። «ልቅሶ እንቀመጥ። ሰው ልጁን እንዲህ አንጠልጥሎ አይኖርም።»

«መርዶ ማን ነገረኝ?» አሉ አማቴ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር መርዶ ሳይረዱ ልቅሶ የለም። ሞቱን የሚያውቅ ሰው ሽማግሌና ጎረቤት ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ከውጭ መጥቶ በር አስከፍቶ ይናገራል። ያኔ ነው እናት እናትነቷን፣ ሚስት ሚስትነቷን አውጥታ የምታለቅሰው። ካልተነገረው ሰው እንባ ይደበቃል፤ ቢያለቅስም ሟርት ነው ይባላል። እኛን ሊያረዳን የሚችል፣ አውቃለሁ የሚል ሰው ስላልነበረ፣ የማልቀስ ፈቃድ አልነበረንም።

«አያ፣ አንተ አየኸው?» አሉ አማቴ ደግመው።

«እኔማ የት አይቼው።»

«ያየ ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሻይህ ሳይበርድ ጠጣ።»

አያ ሻይውን አልነኩትም። በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጥግ ተቀምጬ ነበር።

«ይቺስ? ለሱ ብለሽ ካልሆነ ለሷ ብለሽ። ባለ ባል እንዳትባል ባል የለ። ባሏ የሞተባት እንዳትባል መርዶ የለ። ምን ትባል? ወጣት ናት። ይቺንም እስክትሸብት ከደጅ ልታስቀምጫት ነው?»

«አያ፣ እኔን ይተዉኝ» አልኩ። 

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አብረን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ የጠፋው ሰው እናት ነበሩ፤ የኔን መጥፋት ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል።  ምስራቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣

«አያ፣ ነገ አትመለስም» አሉ። «አዲ አርቃይ ትወስደኛለህ። ሰው የነገረኝን ሳይሆን ራሴ ጠይቄ እሰማለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

«አንቺማ አትመጪም። ፈተናሽ ደርሷል።»

«እምዬ፣ ፈተናው...»

«ፈተናሽን ትቀመጫለሽ! በቃ።»

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል የተመለሱት። ከሥራ ስገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነጠላቸው የሊማሊሞን መንገድ አቧራ ጠጥቶ ቀልቷል። አያ አብረዋቸው አልነበሩም፤ አዘዞ ካለ ዘመድ ቤት አርፈዋል አሉኝ። ጫማቸውን አወለቅኩላቸው፣ እግራቸውን አጠብኩ።

«ምን አገኛችሁ?» አልኩ ቀና ሳልል።

«ምን ይገኛል» አሉ። «መንገዱ አደከመኝ።»

አመንኳቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሰው ተልኮ እንዲህ ተመልሷልና።

ከዚያ እስከ ፈተናው ድረስ ያለው ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ሳስበው ሌላ ነው፤ ያኔ ግን ልዩነቱን አላየሁትም። አማቴ እንደ ወትሮው አስጠኑኝ። እንዲያውም ከወትሮው በረቱ። ምሽት በገባሁ ቁጥር እራት ቀርቦ፣ ሰፌዱ ተይዞ ይጠብቀኛል። «የሚቻል!» ይላሉ ገና ሳልቀመጥ። «ሕጋዊ! የሚስማማ!» ስሳሳት ይቆጣሉ። ጎረቤቶቻችንም በዚያ ሰሞን ለሰለሱልኝ። ቧንቧ ላይ ተራ ይሰጡኛል። ወተት የምታመጣው ሴትዮ ወተቷን ሳትቀላቅል አመጣች፤ ይህንንም ልብ ብዬ፣ ከአማቴ ምላስ ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ።

የፈተናው ዋዜማ ምሽት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የማውቀውን ሁሉ ጨርሰን ነበር። አማቴ ምስሩን መልቀም አቆሙና፣

«ሙት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» አሉ።

አየኋቸው። ዓይናቸው ሰፌዱ ላይ ነው።

«እምዬ...»

«ያቺ አስተማሪሽ ትጠይቃለች አይደል? ታዲያ ምነው ሳላስጠናሽ ልለፈው? ምንድን ነው?»

«ዴድ።»

«ግልባጩ?»

«አላይቭ።»

«ከፊቱ የሚቆም ነገር የለውም? ‘አን’ም፣ ‘ዲስ’ም?»

«የለውም።»

«ሸጋ» አሉ። «እወቂው። እንዳይጠፋብሽ።»

ምስሩን ቀጠሉ። እኔ ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አልሰማሁም፤ ተኚ ብለው መብራቱን አጠፉት።

ፈተናውን ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው የመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። ተቃራኒ ቃላት ነበሩበት። ቲቸር እንዳለችኝ፣ ስለ ቃሉ ብቻ እየመለስኩ ሞላሁት፤ አንድም ባዶ አልተውኩም። ስወጣ ጸጉር ሠሪዋ አቀፈችኝ፣ ዲያቆኑ ከሩቅ «ኢምፖሲብል!» እያለ እጁን አወዛወዘልኝ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል የአዘዞን መንገድ ሳይ ቀሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ አማቴ ሽሮ በቅቤ ሠርተዋል። እንጀራው ትኩስ ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ያጎርሱኝ ጀመር።

«ኧረ ራሴ እበላለሁ!»

«ብይ ልጄ። አንዲት ብቻ። ይቺን ለኔ ብለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ቀምሻለሁ። ፈተናው እንዴት ሆነ?»

«ጥሩ ነው።»

«ከፊት የሚቆሙት መጡ?»

«መጡ።»

«ያ ከፊቱ ምንም የማይቆምበትስ?»

«እሱም መጣ።»

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

እጃቸው ላይ የነበረውን ጉርሻ አጎረሱኝ። መርዶ የሚነገረው ሰው ዋዜማውን በደንብ እንዲበላ ይደረጋል፤ በነጋታው እህል በአፉ አይዞርምና። ይህን ልማድ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ገበታ ላይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እለየው ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። የአማቴ አልጋ ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ጭቃ ላይ የብዙ ሰው እግር ይሰማል፤ ድምፁን ቀንሶ የሚያስል ሰው ይሰማል። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች!»

የአማቴ ድምፅ ነበር። ሌሊቱን ያደሩበትን ቤት፣ የራሳቸውን ደጅ፣ እንደ እንግዳ ቆመው «ቤቶች» ይላሉ።

ከፈትኩ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አያ ከጎናቸው። ጎረቤቶቻችን፣ ወተት የምታመጣውም ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ከሁሉም ፊት አማቴ። በሥርዓቱ ቢሆን እሳቸው ከውስጥ መሆን ነበረባቸው፤ ሌላ ሰው ነግሯቸው፣ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸው። ማንም አልያዛቸውም። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ልጄ» አሉ። «መርዶ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ባልሽ አርፏል። አልቅሺለት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጭቃው ጉልበቴ ላይ እንደቀዘቀዘ አስታውሳለሁ። የታመቀ ድምፅ ከውስጤ ሲወጣ የኔ እንዳልሆነ ሆኖ እንደሰማሁት አስታውሳለሁ። አማቴ እኔን ካረዱ በኋላ ነው የጮኹት። ያኔ ሴቶቹ ያዟቸው።

አዲ አርቃይ ላይ የሆነውን በልቅሶው ቀናት ውስጥ ከአያ ሰማሁ። ሰው ከሰው እያገናኛቸው፣ ከከተማው ወዲህ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደርሰዋል። እዚያ አንድ ሽማግሌ ባለቤቴ በጠፋበት ክረምት መንገድ ዳር የወደቀ ሰው አንሥተው፣ ገላውን አጥበው፣ ቅጥሩ ጥግ ቀብረዋል። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ በስሙ ፍትሐት አልተደረገለትም። አማቴ ሽማግሌውን ለብቻቸው ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዷቸው። ብዙ ተነጋገሩ። አያ ከሩቅ ሆነው ያዩ ነበር እንጂ አልሰሙም። ሲመለሱ «እሱ ነው» አሉ። ለደብሩ ካህን የክርስትና ስሙን ሰጡ፤ ፍትሐቱ ተደረገ። መኪና ላይ ከወጡ በኋላ ለአያ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ፈተናዋን እስክትጨርስ አፍህን ያዝ። ለጎረቤቱም ነግረህ አፉን አሲዘው።»

እንግዲህ በእነዚያ ምሽቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። «የሚቻል!» ሲሉኝ፣ «የሚስማማ!» ሲሉኝ፣ የልጃቸውን መቃብር አይተው መጥተው ነበር። እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ እንድማር ቆዩ።

ሰው ከቤታችን ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጥቁር ለብሰን ደጃፉ ላይ ተቀምጠናል። ያደረብኝ ጠባይ አልተወኝም፤ ሳላረጋግጥ መተው አልችልም። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ እሳት የፈጀው ጠባሳ ትከሻው ላይ ነበረው።

«እምዬ፣ እኚያ ገላውን ያጠቡት ሽማግሌ ምን አሉዎት?»

«ጠባሳውን አየሁት አለኝ።»

«በየትኛው ትከሻ?»

ከአፌ እንደወጣ ጥያቄው ከንቱ መሆኑ ገባኝ። ጠባሳው የት እንዳለ ከኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የትኛውን ትከሻ ቢሉኝ፣ ሽማግሌው የነገሯቸው ይሁን እናት የምታውቀው ይሁን ለይቼ ማወቅ አልችልም። አማቴም ይህን ያወቁ ይመስለኛል። 

«ከቤት ውስጥ ሆኜ መንገር እችል ነበር» አሉ። «ግን ወሬ ይሆንብሻል። መርዶ ከውጭ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ወጥቼ፣ ሰው ይዤ፣ በር አስከፍቼ ነገርኩሽ። ሽማግሌው የነገረኝን እኔ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ እኔን ሰማሽ። ከዚህ ወዲያ አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

አልጠየቅኳቸውም። ያን ጥግ ላይ የተቀበረ ሰው በእርግጥ ባለቤቴ ይሁን፣ ወይስ አማቴ እኔን አይተው፣ ለልጃቸው ነፍስም ፈርተው፣ በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ራሳቸው ቆርጠው ይሁን፣ አላውቅም። ምናልባት ሽማግሌው የነገሯቸው ሁሉ እውነት ነው። ሳልመረምር የተቀበልኩት ነገር በሕይወቴ ይህ አንዱ ነው፤ የተቀበልኩትም ከማን እንደተቀበልኩ ስላወቅሁ ነው።

በሚቀጥለው መድኃኔ ዓለም አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ እንደ ፊተኛው አልጠየቁም። የሕያዋኑ ስም ተጠራ፤ አማቴ አንገታቸውን ደፍተው አሳለፉት። የሙታኑ ሲጀመር ግን ቀና አሉ። ስሙ ሲደርስ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ነፍሱን ይማር» አሉ። እኔም ከሳቸው ቀጥዬ አልኩ።